ስልክ አላነሳም

አርባ ምንጭ ላለሽው እህቴ ብሩክታይት፣

አንቺም፣ ልጆችሽም፣ አንቺ ጋ ያለችው እማዬም የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔን ካላችሁ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ ነው!

መደወልሽን ተዪ። «ደገፉ ስልክ አያነሳም» ብለሽ ሻንቶና በዴሳ ላሉት ዘመዶች ሁሉ አወራሽ አሉ። የምትፈልጊውን ጻፊልኝ፤ ማንበብ አላቃተኝም።

ሥራ አለ። ሃያ ዓመት ብሉዝ ሮክ የዘፈንኩበት ሆቴል ማይኩን ሔርሜላ ለምትባል ልጅ ሰጥቷታል፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጊታር እመታለሁ። ልጅቷ የራሴን ዘፈን እንደ ሰርግ ዘፈን ታስሮጠዋለች። ብሉዝ እኮ እንዲህ አይቸኮልበትም! ሳፈጥባት ትስቃለች። ባለ ሆቴሉ ደግሞ በየማታው ዝንጅብል ያስፈላልኛል። ሶዶ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ!

ቅዳሜ ገበያ ጎደሬ ልገዛ በጣቴ ብጠቁም፣ ሻጯ «ዘፋኙ በወላይትኛ መናገር አፈረ እንዴ?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። ጎደሬውን ትቼላት ሄድኩ። እኔ መልስ የማጣ ሰው ነበርኩ?

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ድራመራችን ጌታሁን ነው። ምሳ ስጪው እንጂ ምንም እንዳትጠይቂው፤ ወሬ ያበዛል።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እንደ ዱሮው ለጊፋታ በዓል በስልክ ይዝፈንልኝ ካለችሽ፣ አኩርፏል በያት። ኩርፊያዬን ትችለዋለች።

ወንድምሽ ደገፉ