አንተ የምትወድቅበት ፊልም

እሑድ፣ ሰኔ 14

ልጄ፣ ሆዴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? «ደህና ነኝ» ብለህ አትሸውደኝ፤ ባለፈው በስልክ እያወራን ስትነሳ ማቃሰትህን ሰምቻለሁ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ እኔ ደህና ነኝ፤ አባትህ ግን አብዷል።

ያ ፊልማችሁ ሊመጣ ነው ከተባለ ወዲህ የአባትህ ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት መሆኑ ቀርቷል። የገባው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊልሙ ጀግና፣ ስለ ባለካባው ነው። ባንክ የሚሠራው ጎረቤታችን፣ ታውቀው የለ፣ የማያውቀው ነገር የለም፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ «ይሄ ፊልም ይወድቃል» አለ። «ያንኑ ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ ከሀ ጀምረው ሲሠሩት ማን ከፍሎ ይገባል? እናትና አባቱ ሲሞቱ ሁለቴ አልቅሰናል፤ ስንቴ እንቅበራቸው?»

አባትህ ምላጩን እንደያዘ ቀጥ አለ። «ልጄ ከዚያ ሁሉ ፎቅ የሚወረወረው ለባዶ ወንበር ነው እንዴ?»

«ልጅህ እኮ በተዋናዩ ፈንታ የሚወድቅ ነው። ፊቱ እንኳ አይታይም!»

በቃ፣ አባትህ አባረረው፤ ሰውየው ግማሽ ጢሙን ይዞ ወጣ። መንገድ ድረስ ተከትዬ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ደግሞ አባትህ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «የባለካባውን ቲኬት ላሳየ ፀጉር በግማሽ ዋጋ።» አንተ ስትደውል «እጄ አረፋ ነው» እያለ ስልኩን ለእኔ የሚወረውረው ሰውዬ! ፀጉር ቤቱን ጥሎብኝ ሄደ ብሎ ከተቀየመህ ጀምሮ ቤት ውስጥ ስላንተ ትንፍሽ አይልም፤ ለደንበኛው ግን «የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ» ነው። «ለራሱ ለምን አትነግረውም?» ስለው ምላጭ መሳል ይጀምራል። አንተም ብትሆን ያው ነህ፤ «አባዬ እንዴት ነው?» እያልክ እኔን ትጠይቀኛለህ። የሁለታችሁ ስልክ ቤት ሆንኩላችሁ።

እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። እህትህ በየጠዋቱ ስልኳን እያነበበች፣ «እማዬ፣ ጥሩ ገቢ ካገኘ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ይሠራል፤ ካላገኘ በዚሁ ያበቃል» ትለኛለች። እሷ በደስታ ነው የምትነግረኝ። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ከተሳካ ውልህ ይራዘማል፣ ገና ለዓመታት ከፎቅ ስትወረወር ትኖራለህ። ካልተሳካ ትመጣለህ። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይነገራል? ምን ብዬ እንደጸለይኩ አትጠይቀኝ።

ዓርብ ተከፈተ፣ ሄድን። አባትህ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ሠርግ የተጠራ ይመስል። አዳራሹ ሞላ እንዳልልህ የፊቱ ወንበር ባዶ ነው፤ ባዶ ነው እንዳልልህ ከጎናችን ቦታ አልነበረም። ታሪኩ አልገባኝም። ካባውን ለብሶ የሚያወራው ልጅ መልከ መልካም ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ግን ያለከልካል። ከዚያ አንድ ድልድይ ላይ ጀርባህ ታየ። ከመዝለልህ በፊት እንደ ልማድህ አንገትህን ወደ ግራ ሰበር አደረግክ።

አባትህ ብድግ አለ። «እሱ ነው!»

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አሉ ከኋላ።

ስትወድቅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ እስካሁን በልዟል። ሲያልቅም አልነሳም አለ። መብራት በራ፣ ሰው ወጣ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በእግራችን ሥር ጠረገች፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ያንን የሚሮጥ ጽሑፍ ይከታተላል። ስምህ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበው። ሴትየዋ መጥረጊያዋን አቁማ አየችው።

ዛሬ እህትህ እንዳነበበችልኝ፣ ገቢው ከታሰበው በታች ነው፤ ሠሪዎቹም ገና አልወሰኑም፣ የሚቀጥለውን ሳምንት እናያለን ብለዋል። የባንኩ ሰውዬ በራችን ላይ እያለፈ «አላልኩም?» ይላል። አባትህ ምሳ አልበላም።

እንግዲህ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ይኸው የሰፈሩን ሴቶች አስተባብሬ ረቡዕ ፊልሙን ላሳያቸው ልወስዳቸው ነው። አንዷ፣ «አንቺ ሴት፣ ልጄ በመጣልኝ ስትዪ አልነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ቲኬትሽን ቁረጪ!» አልኳት። ጮኼባታለሁ መሰለኝ።

በል ልጄ፣ ስትወድቅ የሚይዝህ አይጥፋ፤ ስትነሳም በሙሉ አካልህ ያንሳህ። ፈጣሪ ካንተ አይራቅ።

እናትህ