የላሜ የቦራ ክስ

ጥቅምት አቦ፣ ረፋድ

ጥፋቱ የደምሴ ነው። የአጥር ተጋሪዬ የደምሴ። ዛሬም ከችሎት ተመልሼ እግሬን በጨው ውሃ ዘፍዝፌአለሁ። ዛሬም ቀጠሮ።

አንተ ደብተር፣ አንድ ጊዜ ልንገርህና ይውጣልኝ። ጣልያን ሊገባ ሲል ከተማው ሲቃጠል፣ ወደ ሰላሌ ስሸሽ ላሜን ቦራን ደምሴ ዘንድ አደራ አስቀመጥኳት። ስመለስ «ሸጠሽልኛል» አለኝ። አደራውን ስሰጠው ያየችን ግድግዳ የምትጋራኝ ወ/ሮ ጥሩነሽ ብቻ ናት። ክሱን ስጀምር ቦራ እርጉዝ አልነበረችም። አሁን ሆዷ መሬት ሊነካ ነው።

ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት ዳዊት ልደግም ነበር። የደምሴን ስም ስጽፍ እውላለሁ።

ኅዳር ሚካኤል ማግስት

ጣልያኑ ዳኛ የለም። እንግዳ ሊቀበል ለገሃር ወርዷል። ተርጓሚው ወረቀቴን አገላብጦ መለሰልኝ። «እመይቴ፣ ላሚቱ የት ትሄዳለች? ምን ያጣድፍዎታል?» ደምሴ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያለቀስኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

ቦራ ወለደች። ሴት። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ግንባሯ እንደ እናቷ ነጭ። ደስ አለኝ። ወዲያው አንጀቴ አረረ።

ጥር ቂርቆስ፣ ከቅዳሴ መልስ

ወተቱ የት እንደሚሄድ ታወቀ። ደምሴ በየጠዋቱ ጣሳውን አንጠልጥሎ ካዛንቺስ ይወጣል፤ ጣልያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት ወደሚሠሩበት። ጥሩነሽ አይታዋለች። የሚያንኳኳው የዳኛውን በር ነው። ነገሬን የሚሰማው ሰው ላሜን እየጠጣት ነው። ታዲያ ለምን ይቸኩላል?

ጥሩነሽ ግን እመሰክርልሻለሁ አለች። እንቁላል ጠበስኩላት። ትንሽ ተስፋ።

የካቲት ገብርኤል

ጥሩነሽን ይዤ ሄድኩ። ደምሴ ቀርቷል፤ ተከሳሽ ከሌለ አይታይም ተባልን። ስንመለስ ከነጣሳው ካዛንቺስ ላይ አገኘነው። «በጃንሆይ አምላክ ቁም!» አልኩት።

እንደ ድሮው ወጣብኝ። እሱም፣ በዚህ ቃል የተያዘ መቆሙ ሕግ ነበርና፣ እንደ ድሮው ቆመ። እግሩ ተተከለ። ነጠላዬን ከነጠላው ጋር ቋጠርኩት፤ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። እሱም አስቋጠረኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ነቃን። ጃንሆይ ተሰደዋል። ስማቸውን የጠራ ሲታሰር አይተናል። ግንበኞቹ መዶሻቸውን አውርደው ያዩናል። የደምሴ ፊት አመድ መሰለ። ቋጠሮውን ቀስ ብሎ ፈታና ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «አስካለ፣ አብደሻል? ክሱን ተዪ። እኔም የጠራሽውን ስም አልሰማሁ።»

ዞር ስል ጥሩነሽ የለችም።

መጋቢት መድኃኔዓለም

የትናንቱ ቀጠሮ አለፈ። አልሄድኩም። ጥሩነሽ ስጠራት «የለችም በሏት» ስትል በግድግዳው ሰማኋት። አልፈርድባትም። ውሸት ነው፤ እፈርድባታለሁ።

ጥጃዋ ሣር መንጨት ጀምራለች። በቀዳዳው ጣቴን ላሰችኝ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ መቆሙ ነው። ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ ያላቆመው ሰው በአንድ ቃል ቆመ። ሕጉ እሱም ውስጥ አለ ማለት ነው። ምን ያደርጋል? ቋጠሮውን ፈታው።

የአጥሩን ቀዳዳ በጭቃ መረግሁት። ችሎት አልሄድም። ከእንግዲህ ማንንም በማንም አምላክ ቁም አልልም።