ከጥበቡ ጋር የተጋራነው ምላጭ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጎንደር

የደም ምርመራው ዛሬም ያው ነው። የጉበቴ ኢንዛይም ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። ሐኪሟ የጉበት ቫይረስ ይኖርብኝ እንደሆነ ለማየት እንደገና ደም አስቀዳችኝ። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል።

«መሪጌታ፣ በልጅነትዎ ምላጭ ከሰው ጋር ተጋርተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንዴት አልጋራም። አዲ አርቃይ የቅኔ ተማሪ ሳለን የነበረን ምላጭ አንድ ብቻ ነው። በበዓል ዋዜማ ወንዝ ወርደን ተራ በተራ እንላጫለን። እኔን የሚላጨኝ ጥበቡ ነበር፤ አንድ ጎጆ የምናድር፣ ለምነን ያገኘነውን ቁራሽ የምንካፈል ጓደኛዬ። እጁ ስቶ ሲያደማኝ እንኳ ቅኔውን እየቆጠረ ይቀጥላል፤ ሌሎቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በሽታው ከዚያ ደስታ ውስጥ መጥቶ ይሆን ብሎ ማሰቡ ከበደኝ።

ቤት ስገባ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የእኔ ደም ከታመመ የጥበቡስ? አሁን ማክሰኝት አጠገብ ያርሳል። ከተገናኘን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት።

«ዓይንህ ቢጫ ሆኗል?» አለኝ።

«አልሆነም።»

«እሱስ ሸጋ ነው። ታዲያ ምነው ብቻህን ትጠብቃለህ? ሐሙስ በጠዋት እመጣለሁ። እኔም ልመርመር።»

ጠዋት ላይ ሐሙስ ባይደርስ ብዬ ስመኝ ነበር። አሁን ፍርሃቱ ባይለቀኝም ቀኑ ራቀብኝ።