ለኤሌኒ የትኛው ካርድ?

ጥቅምት 21
አፍሬ ነው የዋልኩት። ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። በማርያም ማኅበር ላይ አፌ አምልጦኝ "ከካንሰር ተመራማሪዎች ጋር እየሠራሁ ነው" አልኩ።

ውሸት እኮ አይደለም... የፎቶ ኮፒ ቤቴ ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ በኢንተርኔት የሚላክለትን የተመራማሪዎች ስሌት ይሠራል። በየአገሩ ስንት ሰው በፈቃዱ እንዲህ ያግዛቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እነሱ ግን ሐኪም አደረጉኝ! ጎረቤቴ ወለላ፦ "በሞቴ፣ ለስኳሬም መድኃኒት ጨምሪልኝ!"

ታናሽ እህቴ ኤሌኒ ጥግ ተቀምጣ ሰማች። የደም ካንሰር የያዛት እሷ ናት። ምን አስባ ይሆን?

ጥቅምት 23
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ስሌቱ የማስረከቢያ ቀኑ አልፎበት ተሰረዘ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ስሌት የሚያፋጥን ግራፊክስ ካርድ ቢኖር በሰዓታት ያልቅ ነበር አሉ።

ጥቅምት 26
ደሴ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ደሳለኝ ጋ ደወልኩ።
"ለጌም ነው እህቴ?"
"ለካንሰር።"
"ለጌም ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር።"

ሁለት አለው። ትልቁ ያገለገለ፣ ጉልበተኛ። ግን ኃይል ይበላል፣ የኔን ኮምፒውተር ያስጨንቀዋል። ይግላልም አለ፤ በኛ በቆቦ ሙቀት! በዊንዶውስ ፈንታ በምጠቀመው በሊኑክስ ላይ ደግሞ ካርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አስቸጋሪ ነው። ትንሹ ወዲያው ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ግማሽ።

"ዊንዶውስ ጫኚና ትልቁን ውሰጂ።"
የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ሁለቴ ሥራዬን የበላው በዊንዶውስ ጊዜ አይደል? አልመለስም።

ታዲያ ትንሹን? ለእህቴ ትንሹን?

ጥቅምት 27
የኮምፒውተሩን ሥራ ለእናቴ ለማስረዳት ሞከርኩ።
"ደቦ ነው በይኛ!"
"አዎ እማ፣ ደቦ።"
"ባለእርሻው ምን ያበላል?"
"ምንም።"
"ጠላ እንኳ? ምን ያለው ንፉግ ነው!"
ሳቅን። ቆይታ ግን... "ምርቱ ለኤሌኒ ይደርሳል?"

ኅዳር 1
ኤሌኒ ሱቅ መጣች።
"እትዬ፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚደርሰው?"
መዋሸት አቃተኝ። "አላውቅም። ምናልባት ከዐሥር ዓመት በኋላ... ምናልባትም ከነጭራሹ።"
"እንግዲያው ለኔ አይደለም።"
ወረቀት የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።
"ቢሆንም ካርዱን ግዢው።"
"የትኛውን? ትልቁ በኔ ኮምፒውተር መሥራቱን እንጃ።"
"የሚሠራውን ነዋ! ተኝቶ የማይነሳ በሬ ግዙፍ ቢሆን ምን ያደርጋል?"

ኅዳር 5
ትንሹ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ተላከልኝ። ራሴ ገጠምኩት። ሊኑክሱ ሳያንገራግር ተቀበለው።

ኅዳር 6
ስሌቱ በስድስት ሰዓት ውስጥ አለቀ! መብራትም አልሄደ።
ኤሌኒ አጠገቤ ነበረች። ስክሪኑን አየችና "ለማን ይሆን የሚደርሰው?" አለች።
"ለማናውቀው ሰው።"
"ይማረው" አለች።

አላለቀስኩም። እሷ እስክትወጣ አላለቀስኩም።

ሰኞ ለደም ምርመራ ደሴ ይዣት እሄዳለሁ። ከበር ውጪ ቁጭ ከማለት ሌላ የምችለው የለም። የሚሉንን ግን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በተመለስን ዕለት ሳልደብቅ እዚሁ እጽፈዋለሁ።