ከፓምፑ በላይና በታች

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሁለት ዚፕ ቀየርኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። አንዷን ደንበኛ ወሬ ልጀምርላት ስል "ቸኩያለሁ" ብላኝ ውልቅ አለች። ከደረጃው ሥር ያለው ፓምፕ ግን አይቸኩልም። ሲያጉረመርም ዋለ። "ደግሞ አንተ ምን ሆንክ?" አልኩት። የሞቀውን ውሃ ቤቱን ወደሚያሞቁት ራዲያተሮች የሚገፋው እሱ ነው። እሱ ከቆመ እኔም ታች፣ እህቴም ፎቅ ላይ በብርድ ደርቀን መቅረታችን ነው።

ላይ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ራቷን በልታ ጨረሰች ማለት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ቧንቧ... ከተነጋገርን ግን ስምንት ወር።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ማጉረምረሙ ጩኸት ሆነ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ጆሮውን ፓምፑ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠው።

"እናት፣ ይሄ አብቅቶለታል።"

እናት! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! የራሱ ጸጉር ገብስማ ሆኖ የለ እንዴ?

"ታዲያ ቀይረዋ፣ አባት" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ማነው ይሄን የሠራው? ከፓምፑ በላይም በታችም መዝጊያ የለውም እኮ።"

"አባቴ ነው። ነፍሱን ይማረው።"

"ይማራቸው። ግን አስቸግረውናል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት መዝጊያ ቫልቭ ቢኖር ሁለቱን ዘግቶ ፓምፑን ብቻ መፍታት ነበር፤ የሚፈሰው አንድ ኩባያ ውሃ ነው። ስለሌለ ግን የቤቱ ውሃ በሙሉ፣ የእህቴ ቤት ራዲያተሮች ጭምር፣ መፍሰስ አለበት።

"በል ሁለቱንም ቫልቭ አስገባልኝ። ከእንግዲህ ማንንም ማስቸገር አልፈልግም።"

"እነሱን ለማስገባት ራሱ አንዴ መፍሰሱ አይቀርም። መልሰን ስንሞላው ደግሞ ላይ ሆኖ የራዲያተሮቹን አየር የሚያስወጣ ሰው ያስፈልጋል። ላይ ሰው አለ?"

"አለ።"

"በቃ፣ ንገሪያቸዋ።"

ንገሪያቸዋ... አፍ ላይ እንዴት ይቀላል!

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ሥራ የለም። ዝናብ። ስለዚያ ሠርግ ሳስብ ዋልኩ።

የእህቴን ልጅ የሠርግ ቀሚስ እኔ ነኝ የሰፋሁት። እጅጌውን ሦስት ጊዜ ተርትሬ ሦስት ጊዜ ሰፋሁት። ሲያምር! ጠርዙ ብቻ ቀረ... ቀኑ ደረሰብኝ። ሙሽራዋ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ተይዛ ወጣች። እህቴ ያን ሁሉ እንግዳ ፊት ለፊት አስቀምጣ "አንቺ መቼ የጀመርሽውን ጨርሰሽ ታውቂያለሽ!" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ውሸት ቢሆን እኮ ይሄን ያህል አይከነክነኝም ነበር።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ልነግራት ደረጃውን ወጣሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ስታስል ሰማኋት። ተመለስኩ። ጉንፋን ይዟታል እንዴ?

ወረቀት ላይ ጻፍኩ። "ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የቤቱ ውሃ ይፈሳል። ሲሞላ የራዲያተሮቹን አየር አስወጪ።" ልክ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ! አናቱ ላይ "እታለም" ብዬ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። ያለ እታለም እንደገና ጻፍኩና በበሯ ሥር አሾለክኩት።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

መልስ የለም። ወረቀቱ ግን ከበሩ ሥር ጠፍቷል። አንብባው ይሆን? ወይስ ከጥራጊ ጋር ጠረገችው?

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው... መዳፌን መፍቻው ቢልጠውም።

ውሃው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈሰሰ፣ ጥቁር እንደ ቀለም። ሠራተኛው ቧንቧውን ቆርጦ ጫፉ ላይ ቫልቩ የሚጠመዘዝበት ጥርስ አወጣለት። ውሃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ ነጩን የቴፍሎን ጥቅል ሊጠመጥም ሲል "አምጣው እስቲ" አልኩ። ክር መጠቅለል አይደል? ሠላሳ ዓመት የሠራሁት! ወደ ጥርሱ አዟዟር፣ ወጠር አድርጌ፣ ሳይሸበሸብ ጠመጠምኩት።

"እናት፣ ይሄን ሥራ የት ተማርሽ?"

"እናት ማለትህን ተው፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።"

አዲሱን ፓምፕ አሰርን፤ አንዱን ቫልቭ ከፓምፑ በታች፣ ሌላውን ከበላይ አስገባን። የላይኛውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። "እጀታው ከቧንቧው ጋር እኩል ከተኛ ክፍት ነው፤ ከተሻገረ ዝግ ነው። ይቺን ብቻ አትርሺ" አለኝ።

ከዚያ ውሃ መሙላት ጀመርን። "ላይ ያሉት አየሩን እያስወጡ ነው?" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ላይ ኮሽ የሚል ነገር የለም።

ድንገት አባባ ትዝ አለኝ። የቤቱን ውሃ ባፈሰሰ ቁጥር እሷን ላይ፣ እኔን ታች ያቆመን ነበር። "ሬዲዮ፣ አትጩሂ፣ ቧንቧውን ምቺው" ይለኛል፤ ሬዲዮ ያለኝ አፌ ስለማያርፍ ነው። አንድ ምት "መጣ"፣ ሁለት ምት "በቃ፣ ዝጊ"።

ማንኪያ አመጣሁና ቧንቧውን አንዴ መታሁት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም በል!"

ምንም። ምንም... ከዚያ ከላይ፣ ከሩቅ፣ አንዴ ኳ።

ዓይኔ ውስጥ ቆሻሻ ገባ አልኩት።

ሥራው አለቀ፣ ቤቱ ሞቀ። እሷ ግን አልወረደችም።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ጠዋት ቫልቮቼን ልጎበኝ ገባሁ። ቫልቮቼ! ፓምፑን አጥፍቼ ተለማመድኩ። ሁለቱንም ዘጋሁ። የታችኛውን ከፈትኩ። በር ተንኳኳ፤ ኮቱን ሊወስድ የመጣ ሰውዬ ነው። ወሬ የሚወድ ሰው አግኝቼ እንዴት እንደተጫወትን! ሲሄድ ፓምፑን መልሼ አበራሁትና ወደ ስፌቴ ገባሁ።

እንግዲህ ቢበላሽ ብቻዬን ፈትቼ እቀይረዋለሁ። ላይ ያለ ሰው አያስፈልገኝም። ብቻዬን... ይሄን ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ጠዋት ስነቃ ቤቱ በረዶ! ራዲያተሩን ብነካው ሬሳ። ፓምፑ ይሠራል፣ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ውሃው ግን አይሄድም። አዲሱ ፓምፕ ተቃጠለ ብዬ ሠራተኛው ጋ ልደውል ስል በሬ ተደበደበ።

እሷ ናት። በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ።

"በጉንፋን ላይ በብርድ ልትጨርሺኝ ነው?"

የስምንት ወር የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው። እኔም ተንተባተብኩ። እኔ! ሬዲዮዋ!

"አዲስ ፓምፕ ነው... ሠራተኛው ነው... እኔ እንጃ፣ እታለም።"

እታለም። ከአፌ አመለጠኝ።

ገፋ አድርጋኝ ከደረጃው ሥር ገባች። ጎንበስ ብላ አየች።

"ይሄኛው እጀታ እንደ ቧንቧው ተኝቷል። ያኛው ለምን ተሻገረ?"

የላይኛው። በገዛ እጄ ያጠበቅሁት! ዘግቼው ኮቱን ልሰጥ ወጣሁ... በዚያው ቀረ።

ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንደምትል አውቄዋለሁ፤ እሷም እንዳወቅሁ አውቃለች። "አትናገሪው" አልኳት።

"ምን አልኩ? ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው።"

ሳቄ ፈነዳ። እሷም ሳቀች፣ ሳሏ እስኪያንቃት። ያቺን እጀታ ስመልሳት ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሽው ብሎ ሲያልፍ ሰማን። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ቧንቧው እስኪሞቅ በእጃችን ያዝነው።

"ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም" አለች፣ ቧንቧውን እያየች።

"ቀኑ ደረሰብኝ እንጂ..."

"አውቃለሁ። እጅጌውን እኮ አይቼዋለሁ።"

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ረቡዕ ዕለት የሠርጉን ቀሚስ በፌስታል ይዛልኝ ወረደች። መርፌ ቁልፎቹ እንኳን አልተነቀሉም። "ልጅቷ ለማስታወሻ ላስቀምጠው ብላለች። እንዲህ ሆኖ ግን አይቀመጥም" አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤት ስታወራልኝ አመሸች። እሷም ለካ ወሬ ናፍቋታል!

አራት ቀን በእጄ ሰፋሁት። በማሽን አንድ ሰዓት አይፈጅም ነበር... ግን በእጄ ፈለግሁ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ክሩን ቋጠርኩና በጥርሴ በጠስኩት። መርፌ ቁልፎቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት።

ከደረጃው ሥር ገባሁ። እጀታዎቹን አየሁ፤ ሁለቱም እንደ ቧንቧው ተኝተዋል። ማንኪያውን አነሳሁና አንዴ መታሁ።

ወንበር ተጎተተ። ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ነው...