በገዛ እጃቸው ከደፈኑት በር በላይ የኖሩት ግንበኛ፦ የአቶ ሙሐመድኑር እንድሪስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሐመድኑር እንድሪስ ከአባታቸው ከሼህ እንድሪስ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰልማ ዓሊ በ1964 ዓ.ም. በወሎ፣ ባቲ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ኮምቦልቻ አጎታቸው ዘንድ ግንበኝነት ለመዱ። በ1989 ዓ.ም. ወደ ሪያድ መጡ፤ ያስመጣቸው አሠሪ፣ ካፊላቸው፣ አሮጌ ቤት የሚያሳድስ ሰው ስለነበር ሥራቸው ሁሉ ዑድ ሰፈር ሆነ።

የዑድን አሮጌ ቤቶች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ግድግዳ ተጋርተው በረድፍ የቆሙ ናቸው፤ ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ። ጣራቸው የተያያዘ ስለሆነ ከአንዱ ወደ አንዱ መሻገር ይቻላል። ፎቅ ለሚኖረው ደግሞ ከሱቁ ጎን ጠባብ በርና ደረጃ አለው። አቶ ሙሐመድኑር ይህን ያሰበ ሰው ብልህ ነው፣ ባለሱቅና ነዋሪ ሳይነካኩ ይኖራሉ ይሉ ነበር። እንዲህ እያሉ በ1993 ዓ.ም. የአንዱን ቤት በር ደፈኑት። አከራዩ ምድር ያለውን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ባቃላውን፣ ማስፋት ፈልጎ ደረጃው ሱቁ ውስጥ እንዲወርድ አዘዛቸው። በሩን በብሎኬት ዘግተው ልስኑን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ስላመሳሰሉት የት እንደነበረ የሚለይ ጠፋ። በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበትም ይኸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ወ/ሮ ሐሊማ ኢስሃቅን በኒካህ አገቡ። ቤት ሲፈለግ፣ ከሪያድ ቤት ሁሉ መርጠው የተከራዩት ያንኑ ፎቅ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ለምን እንደረከሰ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባቃላው ለሶላት በተዘጋ ቁጥር በወ/ሮ ሐሊማም ላይ ይዘጋል። በ2003 ዓ.ም. ምጥ የያዛቸው ሱቁ ለጁምዓ በተዘጋበት ሰዓት ነው፤ ጎረቤታቸው ወ/ሮ ራዲያ ጣራ ተሻግረው ደርሰው አዋለዷቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ፈሪሃ ተወለደች። አቶ ሙሐመድኑር ከመስጊድ ሲመለሱ ልጅ ጠበቃቸው። በሩን በዚያው ሳምንት እከፍታለሁ አሉ። ሁለተኛው ልጅ ኢሊያስም ተወለደ፣ በሩ ግን እንደተደፈነ ነው።

የከለከላቸው እኮ የለም። አከራዩ በ2008 ዓ.ም. በሩ ይከፈት፣ ደረጃውም ከሱቁ ይከለል ብሎ ፈቀደ፤ ባለባቃላውም ለመከለያው ቦታ እንዲሆን መደርደሪያውን አነሳ። እሳቸው ግን "ኢንሻአላህ፣ ከዚህኛው ሥራ በኋላ" ነው መልሳቸው። ሌላ ሰፈር ሄደው፣ ጀራዲያ የሰው በር ሲገጥሙ፣ ሱወይዲ የሰው ደረጃ ሲጠግኑ ይውላሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ወ/ሮ ሐሊማ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ ቢያኮርፉ ጆሮ ዳባ ልበስ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ወደ ታች አውርደው "በሩ የት ነበር? እስቲ ፈልግ" ይሉታል፤ እንግዳው ሲያጣው ደስታቸው ሌላ ነው። አሁን ሲታሰብ ነገሩ ለእኛ ለወዳጆቻቸው ይገባናል፤ ያን ግድግዳ ለመምታት እጃቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ቢገባንም ንዴቱ አልበረደልንም።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጀመራቸው። ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲጠናባቸው አምቡላንስ ደረሰ፤ ባቃላው ግን ለዙህር ሶላት ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቶች ተሸክመው በጣራ አሻግረው፣ በሌላ ቤት ደረጃ አወረዷቸው። ሐኪሞቹ መዘግየቱ ያመጣው ለውጥ የለም ብለውናል። ወ/ሮ ሐሊማ ግን አልተዋጠላቸውም፤ እኛም አልተዋጠልንም። አቶ ሙሐመድኑር ባለቤታቸውን "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ብለው በሩ በየት በኩል እንዳለ ሊነግሯቸው ሲጀምሩ ድካም አሸነፋቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን በ54 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ፤ እዚሁ ሪያድም ተቀበሩ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ።

ወ/ሮ ሐሊማ አሁን ዒዳ ላይ ናቸው፤ ባል የሞተባት ሴት የሐዘኗ ጊዜ እስኪያልፍ ከቤቷ አትርቅም። መቀመጡን ይቀመጣሉ፤ ተዘግቶባቸው መቀመጡን ግን ኸላስ፣ በቃኝ ብለዋል። ትናንት ፈሪሃ ግድግዳውን በዘነዘና እያንኳኳች ድምፁ የሚለየውን ቦታ አግኝታዋለች። ስለዚህ ለቅሶ የምትደርሱ ግንበኞች ምግብ አታምጡ፤ መዶሻና መሮ ይዛችሁ ኑ።

አላህ ቀብራቸውን ሰፊ ያድርግላቸው። የጀነትን በር እሱ ይክፈትላቸው፤ የዚህን ቤት በር እኛው እንከፍተዋለን።