ያልተነበበው ደብዳቤና ሠላሳ ስምንት ጥያቄ ያለው ሞዱሎ

ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.
ዲላ

ይድረስ በዲላ ከተማ ለቡና ማበጠሪያና ማጓጓዣ ኩባንያ ዲሬክተር፣ ለተከበሩ ለካቫሊዬር ቤልትራሚ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብስ ይስማማዎታል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ ከእንግሊዞች ጋር የሚገናኙበት ቀን እየቀረበ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቀን ጤነኛ፣ ንቁና ለተጠየቁት ሁሉ መልስ መስጠት የሚችሉ ሆነው እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔር አንዲት ፀጉርዎን እንኳ ሳያጎድል ይጠብቅልን።

ይህ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ተጽፎአል። አንዱ ለእርስዎ ተልኳል፤ ሁለተኛው በገበያው መግቢያ በሰይድ ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ የማይችለው ሰው እንዳይቀርበትም ሰይድ ራሱ ጮክ ብሎ ሊያነበው ቃል ገብቶልኛል። አስተርጓሚዎ አቶ ተክለጻድቅ እንደ ልማዱ ኮምጣጣውን እያጣፈጠ እንዳያቀርብልዎ፣ የተረጎመልዎን ገበያተኛው ከሰማው ጋር እንዲያስተያዩት በትሕትና አሳስባለሁ።

ብዕሬን ያነሣሁት ሰኞ ዕለት በላኩልኝ መልእክት ምክንያት ነው። ፖሊሶቻችሁ ካራቢኔሬዎቹ ጓዛቸውን በካሚዮን ጭነው እርስዎን ካልተሸጠ ቡናዎ ጋር ትተው በሄዱ በማግስቱ፣ አቶ ተክለጻድቅ ሁለት ኪሎ ስኳርና የራስዎን የሕይወት ታሪክ የያዘ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። እርስዎ ለአገሬው ሰው ርኅሩኅና ፍትሕ አክባሪ እንደ ነበሩ የሚገልጽ ምስክርነት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ የከተማውን ሽማግሌዎች አስፈርሜ እንድሰጥዎ ጠየቀኝ። ስለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ፣ ውጭ አገር ተምሬአለሁ ማለት በገዛ እጅ የሞት ፍርድ መፈረም ስለ ነበረ፣ በቤሩት ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት የተማርሁ ሰው ዳዊት ከመድገም በቀር ምንም የማላውቅ መስዬ በሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኜ ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ግንብ አስደግፎ የሚያስረሽን የነበረው እውቀት ዛሬ ሁለት ኪሎ ስኳር ማውጣቱን ሳይ፣ የአገራችሁ የዋጋ አተማመን ይደንቀኛል። ስኳሩን መልሻለሁ፤ ጎድሎ ከደረሰዎ ተክለጻድቅን ይጠይቁ።

ምስክርነቱን ለመጻፍ ግን እምቢ አላልሁም። ምስክር የሚያውቀውን ሁሉ መናገር ስላለበት፣ የማውቀውን አስቀድሜ በተራ አቀርባለሁ፤ የተሳሳትሁት ነገር ቢኖር ያርሙኝ።

አንደኛ፤ በኩባንያዎ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ስሙን፣ ትውልዱን፣ የሠራበትን ቦታና ዋሱን የሚገልጽ የሕይወት ታሪክ ደብዳቤ እንዲያመጣ አዘዙ። ትእዛዙ ተገቢ ነበረ፤ እኔም ስንቱን ደብዳቤ እንደ ጻፍሁ አላስታውስም። ሰዉ ደብዳቤውን ይዞ ሲቀርብ ደግሞ፣ ሞዱሎ የሚባል ሠላሳ ስምንት ጥያቄ የታተመበት ወረቀት አስይዘው፣ በደብዳቤው የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና እንዲናገር አደረጉት። በወረቀቱ ግርጌም «ባዶ የተተወ ቦታ ያለበት ሞዱሎ ተቀባይነት የለውም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረ። ስሙን የነገረዎትን ሰው መልሰው ስሙን የሚጠይቁት፣ ወይ የጻፈውን አላነበቡለትም፣ ወይ ሲሳሳት ሊይዙት ይፈልጋሉ። እርስዎ ሁለቱንም ያደርጉ እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፤ ከረጢት ተሸካሚዎቹ የተወለዱበትን ቀን ስለማያውቁና ባዶ መተው ስለማይፈቀድ፣ ተክለጻድቅ ለሁሉም በእናንተ አቆጣጠር ጥቅምት ሃያ ስምንት ብሎ ሞላላቸው፤ ይኸውም ፓርቲያችሁ ሮማ የገባበት በዓል ነው። በዚህም ከገደብ እስከ ዲላ ያለው ተሸካሚ፣ ሽበታሙም ጎረምሳውም፣ በአንድ ቀን የተወለደ መንታ ሆነ፤ እርስዎም መዝገቡን አይተው በሕዝቡ ታማኝነት እጅግ እንደ ተደሰቱ ሰምቻለሁ። ቡና ለቃሚዋ ወርቂቱ በየትኛው ጦር እንዳገለገለች ስትጠየቅ፣ «ባሌን ሃያ ዓመት አገልግያለሁ፤ እሱ የማይቆጠርልኝ ከሆነ ተዉት» አለች። መተው ስለማይቻል ተክለጻድቅ «እግረኛ ጦር» ብሎ ጻፈላት። እርስዎም ፈረሙበት። እስከዚህ ድረስ እኛም ስቀናል።

ሦስተኛ፤ የልጄ የየትምወርቅ ባል ደመላሽ ይርጉ፣ በሰኔ ወር ፲፱፻፴ ዓ.ም. በሚዛን ሠራተኛነት ለመቀጠር አመለከተ። ደመላሽ አንድ ፍሬ በጥርሱ ነክሶ ቡናው ከአሪቻ ይሁን ከሬኮ፣ ፀሐይ ላይም ስንት ቀን እንደ ሰነበተ የሚናገር ሰው ነው። «ነው» እላለሁ፤ «ነበረ» ለማለት የሚያስችለኝ ወረቀት በእርስዎ እጅ ነውና።

የሕይወት ታሪክ ደብዳቤውን የጻፍሁለት እኔ ነኝ። በሁለተኛው መስመር ላይ «አባቴ ይርጉ፣ አያቴ ጓንጉል ይባላሉ፤ አያቴ በ፲፱፻፩ ዓ.ም. በንዳድ ሞተዋል» ይላል። የሞዱሎው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ነበረ። በእኛ አገር ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ በአባቱ ስም ይለያል፤ ከቅድመ አያት እየተወረሰ የሚመጣ የቤተሰብ ስም የለንም። ይህን ለተክለጻድቅ አስረዳሁት፤ የእኛው ልጅ ስለ ሆነ ማስረዳትም አያስፈልገውም ነበር። «ጋሼ ገብረኪዳን፣ ባዶ ከሆነ ቀድደው ይጥሉታል። አንድ ነገር ይጻፉበት፤ የአያትየው ስም ይሁን፣ ምን ቸገረዎ» አለኝ። ጻፍሁት። በላቲን ፊደል፣ በጉልህ፣ ከሁሉ በላይ ባለው መስመር ላይ፣ ጓንጉል ብዬ ጻፍሁት።

ያን ስም የጻፈው እጅ ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ ነው። ስለዚህ እርስዎን ስከስ ራሴን ከክሱ አላወጣሁም፤ የራሴን ድርሻ በልጄ ፊት እየተቀመጥሁ ስቀበል ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እርስዎ ድርሻ ነው።

ሥራ ፈላጊው ሳያውቅ ሞዱሎው ሁሉ ወደ ካርድ እየተገለበጠ፣ በቤተሰብ ስም ተራ እየተደረደረና በእርስዎ እየተፈረመ ለካራቢኔሬዎች ይላክ ነበር። እነርሱ በዚያ ወራት ከገደብ ማዶ ጫካ የገባውን ጓንጉል የሚባል አርበኛ ይፈልጉ ነበር። በእርስዎ ካርድ ላይ ጓንጉል የሚል ስም ሲያዩ ጫካ መግባቱ ቀረላቸውና ወደ ሚዛኑ ቤት መጡ። ደመላሽ የሬኮ ቡና እየመዘነ ነበር፤ ወርቂቱ እንደ ነገረችን፣ የነከሰውን ፍሬ እንኳ ሳይተፋ ወሰዱት።

በማግስቱ እኔና የትምወርቅ ቢሮዎ ቆመን፣ ከሞዱሎው ጀርባ በመርፌ የተያዘውን ደብዳቤ እንዲያዩልን ለመንንዎት። የለመንንዎት አንድ ገጽ እንዲገልጡ ብቻ ነበር። አልገለጡም። «ደብዳቤ ላይ ሰው የፈለገውን ይጽፋል፤ ሞዱሎ ላይ የሚጽፈው ግን የተጠየቀውን ነው። ይህ ሞዱሎ የተሟላ ነው» አሉን። ከስድስት ወር በኋላ አርበኛው ጓንጉል ራሱ ሲያዝ ስሕተቱ ተገለጠ ብዬ ሁለተኛ ጊዜ መጣሁ፤ አንድ የቤተሰብ ስም ሁለት ሰዎች ሊኖሩት እንደሚችሉ በትዕግሥት አስተማሩኝ። በዚያን ቀን ስለ ሰጡኝ ወንበር እስከ ዛሬ አላመሰገንሁም፤ እነሆ አመሰግናለሁ።

አራተኛና ዋናው ይህ ነው። ባለፈው ወር ወልዱ የሚባል የባሌ ነጋዴ በዲላ ሲያልፍ በሰይድ ሱቅ አረፈ። በሶማሌ ባሕር ዳር ባለው እስር ቤት ሁለት ዓመት ታስሮ፣ እንግሊዞች ሲገቡ የተፈታ ሰው ነው። በስም መዝገቡ ላይ ጓንጉል የሚባሉ ሁለት እስረኞች እንደ ነበሩ፣ አንደኛው እንደ ተፈታ፣ ሁለተኛው ግን በሮቹ ከመከፈታቸው ከጥቂት ሳምንት በፊት እንደ ሞተ ነገረን። የሞተውን የቀበረው ወልዱ ራሱ ነው። ሬሳው በከረጢት ተጠቅልሎ ስለ መጣ ፊቱን አላየም፤ የእስረኛ ቁጥሩን ግን በመቃብሩ ሳንቃ ላይ በሚስማር የጫረው እሱ ነውና አይረሳውም፤ ሁለት ሺህ ሠላሳ አንድ ነው። የተፈታው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። መንገዱም በጦርነት ስለ ተዘጋ ሄዶ መጠየቅ አልተቻለም።

የደመላሽ ቁጥር በእርስዎ ዘንድ አለ። ከሠራተኞች መዝገብ ሲሰርዙት ካራቢኔሬዎቹ ቁጥሩን በካርዱ ላይ ጽፈው መልሰውልዎታል፤ ይህን የነገረኝ ተክለጻድቅ ነው። ልጄ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ጥቁር ልልበስ ወይስ በር ላይ ልቁም የሚል ጥያቄ ይዛ ስትኖር፣ መልሱ በእርስዎ የካርድ ሣጥን ውስጥ ነው። ከባለፈው ዓርብ ጀምሮ ግን ከቢሮዎ ጓሮ የወረቀት ጢስ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የሕይወት ታሪክ ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ በተለይ ለድኻ ያለዎትን ፍቅር የጻፉበት ክፍል እንባ አመጣብኝ። ነገር ግን ደብዳቤ ላይ ሰው የፈለገውን ስለሚጽፍ፣ በተጨማሪ ከዚህ ጋር የተያያዘውን ሞዱሎ እንዲሞሉ ግድ ይሆናል። የራስዎ ሞዱሎ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱም ጥያቄዎች እንዳሉ ናቸው። እኔ የጨመርሁበት ሠላሳ ዘጠነኛ አንድ ብቻ ነው፤ የደመላሽ ይርጉ የእስረኛ ቁጥር ስንት ነው የሚል። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ተሞልቶ በሰይድ ሱቅ ካልደረሰ፣ ምስክርነቱን ያለ እርስዎ እርዳታ መጻፍ እጀምራለሁ።

ስለ ውለታዎ ሁሉ አንዱንም ሳልረሳ፣ እያንዳንዱንም በቀኑና በሰዓቱ መዝግቤ በመያዝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ፤

የማይዘነጋዎ፣
ገብረኪዳን
የቤሩት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፤ በእናንተ መዝገብ ግን ዳዊት ደጋሚ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከፈረምሁ በኋላ የደረሰ ወሬ ስላለ ጥቂት ላስቸግርዎ። ዛሬ ከቀትር በኋላ እንዲቃጠል ወደ ጓሮ ያስወጡት የካርድ ሣጥን እሳቱ ዘንድ አልደረሰም። ወርቂቱ የቡና ገለባ በሚደፋበት ቅርጫት ውስጥ አድርጋ በዘበኛዎ ፊት አሳልፋዋለች፤ እግረኛ ጦር መሆኗን በፊርማዎ ያጸደቁት ራስዎ ስለ ሆኑ አይገረሙ። በደመላሽ ካርድ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ቁጥር አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነው። የትምወርቅ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ከዚያ ወጥታ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመች። የተቀበረው አርበኛው ጓንጉል መሆኑ ነው፤ ነፍሱን ይማር። የእሱም ጠያቂ አይጠፋም።

ስለዚህ ሠላሳ ዘጠነኛውን ጥያቄ ሰርዤልዎታለሁ፤ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም። ደስታ ልቤን አራርቶት ይሆናል ብለው ግን እንዳይዘናጉ። በሣጥኑ ውስጥ ሰማንያ አራት ካርዶች አሉ፤ በሁሉም ግርጌ ፊርማዎ አለ። ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ሽማግሌዎቹ ሊጽፉልዎ ስለማይችሉ፣ እሱኑ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ላይ ነኝ። ሞዱሎውን ሞልተው ቢልኩልኝ ከላይ አደርገዋለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የአያትዎን ስም መጻፍ አይርሱ፣ ባዶ ከሆነ አንቀበልም። የሕይወት ታሪክ ደብዳቤዎም አልተጣለም፤ ከሁሉም ጀርባ በመርፌ ተይዟል። ማንም ገልጦ እንዳያነበው አደራ ብያለሁ።